ከጣውንት ቤት የመጣ ወረቀት

አሚኔ ያንን የምርመራ ወረቀት ልታምን? ምን በወጣት! ባሏ ሙስተፋ ይዞት የመጣው ከወልቂጤ ነው። ወልቂጤ ደግሞ ማን አለ? ሃፊዛ! ሁለተኛዋ ሚስቱ፣ ገና ለጋ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ጣውንቷ። ከዚያ ቤት የመጣ ነገር ምኑ ይታመናል!

«ደሜ ሲመረመር ብግነት ተገኘበት» አላት ሙስተፋ፣ ቡታጅራ ቤቷ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ። «ለልቤ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎችም ጠበዋል፤ ደሙ በደንብ አያልፍም። ቅቤና ሥጋ ተከለከልኩ። ኪኒኑን አንድ ቀን ካቋረጥክ ለሕይወትህ ያሰጋል ብለውኛል።»

«የከለከለህ ሐኪሙ ነው ወይስ ሃፊዛ?»

«ወላሂ ሐኪሙ ነው!»

ኪኒኑ በአበባማ ጨርቅ ተቋጥሯል። የማን እጅ እንደቋጠረው መጠየቅ አያስፈልግም። ቆጥራ ታስውጠዋለች አሉ! ሃያ ሦስት ዓመት አብራው ስትኖር ራስ ምታቱን እንኳ ነግሯት የማያውቅ ሰውዬ፣ ትናንት የመጣች ልጅ ደሙን ሳይቀር ታውቅለታለች። አሚኔን ይሄ ነው ያንገበገባት።

አረፋ ሊገባ አንድ ቀን ቀርቶታል። ለዚህ በዓል አሚኔ ውጆ ስትገባ ነው የከረመችው፤ የሰፈሩ ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ እያዋጡ ለባለ ተራዋ ይሰጣሉ፣ ዘንድሮ ለአረፋ ተራው የሷ ሆነ። ታዲያ ይሄን ሁሉ ቅቤ ለማን ልታበላው ነው? ባል የአረፋን ክትፎ ከታላቂቱ ሚስቱ ጣባ ካልበላ፣ ታላቅነቷ የቱ ላይ ነው?

ቋጠሮውን ነጥቃ ቆጥ ላይ ወረወረችው። «በኔ ቤት የሷ ቋጠሮ አይፈታም! ካሻህ ወልቂጤ ሂድና ጎመንህን ብላ!»

ሙስተፋ ጠብ አይወድም። ጫማውን አወለቀና ተቀመጠ። ያ ጠብ መሸሹ ነው ጉድ የሠራው።

የአረፋ ዕለት ክትፎው በቅቤ ርሶ ቀረበ። «ብላ፣ በሞቴ!» አለችው። አንድ ማንካ ጎረሰ፣ ደገመ። ሦስት ቀን እንዲሁ በላ፣ ኪኒኑን ሳይነካ። አሚኔ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ይሄን ሃፊዛ ባየችው እያለች አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በአራተኛው ጧት ሙስተፋ ደረቱን ጨብጦ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ላብ አጠመቀው። «እጄን... ግራ እጄን» ብቻ ነው ያለው። አሚኔ እሪ አለች፤ ጎረቤት በባጃጅ አፋፍሶ ሐኪም ቤት አደረሰው። እኩለ ቀን ሳይሆን ሃፊዛም ተደውሎላት ከወልቂጤ እየሮጠች ደረሰች።

ሐኪሟ ከሙስተፋ ኪስ የተገኘውን የወልቂጤ ወረቀትና አዲሱን ውጤት ይዛ መጣች። «ብግነቱ ካለፈው በእጥፍ ጨምሯል። ልቡም ደም አጥሮት ነበር፤ ለጥቂት ነው የተረፈው። መድኃኒቱን ማነው ያስቋረጠው? ቅቤውንስ ማን አበላው?»

አሚኔ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነበር። በሷ ቅናት ሰውዬው ሊሞትባት ነበር!

«እኔ ነኝ» አለች ሃፊዛ አንገቷን ደፍታ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሙስተፋ ከተኛበት ዓይኑን ከፈት አድርጎ ሃፊዛን አያት። ወይ አስተያየት! አሚኔን በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቀን እንደዚያ አይቷት አያውቅም። ኪኒኑን ቆጠረች፣ ደሙን አወቀች፣ አሁን ደግሞ በደግነት ልትበልጠኝ!

«ውሸቷን ነው!» ብላ ጮኸች። «ያበላሁት እኔ ነኝ! ቅቤውም የኔ፣ ጣባውም የኔ! ኪኒኑን ቆጥ ላይ የወረወርኩት እኔው ነኝ! ጥፋቴን ማንም አይወስድብኝም!»

አሚኔ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ወደ ሐኪሟ ጠጋ አለች።

«ኪኒኑ በስንት ሰዓት ነው የሚዋጠው? ለኔም ንገሪኝ እንጂ፤ ለሷ ነግረዋታል።»