አራት ቦታ ብቻ

ፎቶው በበሩ አልገባ አለ።

«አጋድሙት! በጎኑ አጋድሙት እንጂ!» አለ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ኃላፊ፣ በአንድ እጁ ጥቁር ከረባቱን ይዞ በሌላው ሁለቱን ተሸካሚዎች እያዘዘ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች ወንበራቸውን እየጎተቱ መንገድ ለቀቁ። ፎቶው እንደ ምንም ገባና የቀን መቁጠሪያው ወርዶ በእሱ ቦታ ተሰቀለ።

ሟቿ ናት፤ ውድድሩን ባሸነፈችበት ቅጽበት የተነሳችው። አፏ ተከፍቷል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ቀኝ እጇ ማሊያዋ ደረት ላይ ያለውን የአገር አርማ ጨምድዶ ይዟል። ከሥሩ በትልቁ «አገሯን ከልቧ ያፈቀረች» ተብሎ ተጽፏል።

አክስቷ ፎቶውን ስታይ እንደ አዲስ ጮኻ አለቀሰች። አባቷ ልብስ ሰፊው ግን ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚያየው ፊቷን ሳይሆን ጣቶቿን ነበር። የአመልካች ጣቷ ጥፍር ከአርማው ጠርዝ ሥር ገብቷል። ያን ፎቶ ያላየ ሰው የለም፤ ያቺን ጥፍር ግን ከእሱ በቀር ልብ ያላት የለም።

«ጋሼ፣» አለ ኃላፊው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ፣ «ማሊያዋን በመስታወት ሳጥን አድርገን አዳራሻችን ውስጥ ልናስቀምጠው ወስነናል። ተተኪ ልጆች አይተውት እንዲያድጉ ነው። እሁድ ከሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«እሺ» አለ ልብስ ሰፊው። ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረው ቃል ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሰው ሲበዛ የለም። ቡናው ተጠጥቶ፣ ወሬው በርዶ፣ ሁሉም አንገቱን ሲደፋ ከፎቶው በኩል ይመጣል። ጫር… ጫር… ጥፍር ጨርቅ ሲቧጭር። አንዴ እህቱን «ይሰማሻል?» ብሎ ጠየቃት። «ምኑ?» አለችው። «ተይው፣ አይጥ ነው» አላት።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸው ጡረተኛው ሾፌር ፎቶውን ሽቅብ እያየ፣ «እኔን ከጠየቃችሁኝ፣» አለ። ማንም አልጠየቀውም። «እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ስፖርተኛን ፖለቲካ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው? አምና እነዚያ የመረብ ኳስ ልጆች መዝሙር ሲዘመር ጀርባቸውን አዞሩ። ምን አተረፉ? ይኸው የት እንደገቡም አይታወቅ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ! ይቺን ልጅ እዩ፣ አርማዋን እቅፍ!»

«መዝሙሩን ሲያዘምሯቸው ፖለቲካ ያልሆነ፣ አንዘምርም ሲሉ ነው ፖለቲካ የሚሆነው?» አለች ከጎረቤቶቹ አንዷ፣ ፋርማሲስቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያያቸው ለአንዲት ደቂቃ ነው። እኔ ብሆን ያቺን ደቂቃ አላባክናትም።»

«አንቺማ ደረጃ ወጥተሽ ትንፋሽሽ እስኪመለስ ደቂቃዋ ታልቃለች!» አላት ሾፌሩ።

አንዳንዱ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ የለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት አፉን በእጁ ያዘ። አክስትየዋ «ቀስ በሉ፣ ግድግዳም ጆሮ አለው» አለች። ልብስ ሰፊው ተነስቶ ወጣ። የስፌት ቤቱ ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለችው ክፍል ናት፤ ገብቶ በሩን ዘጋ።

እዚህችው ክፍል ውስጥ ነበር ልጁ የጠየቀችው፣ ከአምስት ወር በፊት። የብሔራዊ ቡድኑን አርማዎች ማሊያ ላይ የሚሰፋው እሱ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የራሷን ማሊያ ይዛ መጣችና የስፌት መኪናው ላይ ዘረጋችው።

«አባዬ፣ ይሄን አርማ ተርትረውና አራት ቦታ ብቻ ያዝ ያዝ አድርግልኝ። ስጎትተው እንዲላቀቅ።»

«ለምን ሲባል?»

«ከጨረስኩ በኋላ ካሜራው ፊት እነቅለዋለሁ። ለመምህሬ።»

መምህሯ ትምህርት ቤት ሳለች ሩጫ ያስጀመራት፣ የመጀመሪያ ጫማዋንም የገዛላት ሰው ነው። ስለታሰሩ ተማሪዎቹ አቤቱታ ጽፎ ስላስፈረመ እሱንም ወሰዱት፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ፍርድ ቤት እንኳ አልቀረበም።

«አርማው እኮ የአገር ነው፤ የመንግሥት አይደለም» አላት አባቷ።

«መምህሬስ? እሱ አገር አይደለም?»

«አንቺንም ይወስዱሻል፣ ልጄ።»

«ይውሰዱኛ! እሱ እዚያ ተዘግቶበት እኔ አበባ ተቀብዬ እጄን ላውለብልብ?»

ማሊያውን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ «እሺ» አላት። መርፌውን ተቀብላ ክር አስገባችለት። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ መርፌው ላይ ክር የምታስገባለት እሷ ነበረች፤ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። ለዚህ ነው «ዓይኔ» ብሎ የሚጠራት።

እሷ ስትወጣ ማሊያውን አቅፎ ተቀመጠ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ተብሎ ያደገ ሰው ነው። እናቷን ቀብሯል፣ ያለችው እሷ ብቻ ናት። የናይለን ክር መኪናው ላይ አደረገና አርማውን ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ሰፋው። ካበቃ በኋላ አራቱ ጥግ ላይ በእጁ ነጭ ክር ጣል ጣል አደረገ፣ እንዳዘዘችው እንዲመስል። ልጁን አታለላት፤ ሌላ ስም የለውም።

ሩጫውን በቴሌቪዥን አየው። አሸነፈች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ጎተተች። እንደገና ጎተተች። በሦስተኛው ኃላፊዎቹ ደርሰው አቀፏት፤ ጋዜጠኛውም ድምፁ እየተቆራረጠ «የአገር ፍቅር ማለት ይሄ ነው!» አለ።

ስትመለስ ማሊያውን አምጥታ መኪናው ላይ ጣለችው። «ጎበዝ ሰፊ ነህ፣ አባዬ።» ከዚያ በኋላ መርፌ ላይ ክር አስገብታለት አታውቅም። የመምህሩ ሚስት ጋ ሄዳ ነበር፣ በር ዘጋችባት። የቡድኑን የልምምድ ካምፕ ትታ ለብቻዋ አስፋልት ላይ መሮጥ ጀመረች፤ አንድ ጉም የሸፈነው ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሳያያት ገጫት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ልብስ ሰፊው ማሊያውን አወጣና በምላጭ ይተረትር ጀመር። ሦስቱንም ዙር ፈታ። ነጮቹ ክሮች ሁሉም ተበጥሰው አገኛቸው። አንደኛው ጥግ ላይ ናይለኑም ሁለት ቦታ ተበጥሷል፤ አጠገቡ የደረቀ ደም አለ። በጥፍሯ ነው ያን ክር የበጠሰችው።

ነጭ ክር ቆረጠ። መርፌው ቀዳዳ ላይ ሞከረ፣ አልገባም። ምራቁን አስነክቶ እንደገና ሞከረ። ሳያስበው መርፌውንና ክሩን ወደ ቀኙ ዘረጋ።

«ዓይኔ፣ እስቲ…»

አንድ እጅ ተቀበለው። ክው ብሎ ዞረ።

የመምህሩ ሚስት ናት። ጥቁር ሻርፕ አድርጋለች። «በሩ ገርበብ ብሎ አየሁትና…» አለች። «ሞት አይደል፣ ቂም ተይዞ ከለቅሶ አይቀርም ብዬ ነው የመጣሁት። ከፎቶው ሥር መቀመጥ ግን አቃተኝ።»

ማሊያውን አሳያት፤ ደሙን፣ የተተረተረውን ናይለን፣ ሁሉን። እየተንተባተበ ነገራት።

«ባሌ እስር ቤት ሆኖ ፎቶዋን ጋዜጣ ላይ አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣» አለች በመጨረሻ። «‹ይቺን አላስተማርኩም› ነው ያለኝ። እኔም በር ዘጋሁባት። በረንዳዬ ላይ ቆማ ‹ስሚኝ› ስትለኝ!»

«እንዳያስሯት ብዬ ነው፣ እህቴ። ታስራ ቢሆን እኮ ዛሬ ምሳዋን ይዤላት እሄድ ነበር።»

ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ሴትዮዋ ዓይኗን ጠርጋ ክሩን አስገባችና መርፌውን ሰጠችው።

«ለእሱ እኔ እነግረዋለሁ፣» አለች። «ለሌላው ሰውስ?»

መስፋት ጀመረ።

እሁድ ከሰዓት ኃላፊው የመስታወት ሳጥኑን ይዞ መጣ። ቤቱ ሞልቷል። ልብስ ሰፊው ማሊያውን አምጥቶ የራሱ ደረት ላይ ዘረጋው።

«ምን ያህል እንደወደደችው ይታያል» አለ ኃላፊው።

«ቆየኝማ፣ ልጄ። አንዴ እየኝ።»

ልክ እንደ ፎቶው ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጥፍሩን ከአርማው ጠርዝ ሥር አስገባና ጎተተ። አራቱ ክሮች ጠቅ ጠቅ ብለው ተበጠሱ። አርማው እጁ ላይ ቀረ።

«እንዲህ አድርግልኝ ነበር ያለችኝ፣» አለ። «ልትነቅለው ነበር፣ ለመምህሯ። እምቢ ያላት የኔ ስፌት ነው።»

ኃላፊው በሩን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ሐዘን ነው። የተናገሩትን እኔ አልሰማሁም» አለ።

«ሰምተሃል እንጂ።»

አርማውን መስታወቱ ውስጥ አስቀመጠለትና ክዳኑን ገጠመው። ኃላፊው ሳጥኑን ታቅፎ ሲወጣ የሸኘው ሰው አልነበረም። አክስትየዋ «ምን አደረግህ፣ ወንድሜ? ምን አደረግህ?» እያለች እጇን አጨበጨበች። የመምህሩ ሚስት ግን ወንበሯን አንስታ ፎቶው ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

ልብስ ሰፊው ቦታው ተመልሶ ማሊያውን ጭኑ ላይ ዘረጋ። አርማው የነበረበት ቦታ ፀሐይ አልነካውም፤ ቀለሙ እንደ አዲስ ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል ያን ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። ጆሮውን ወደ ፎቶው አዘንብሎ ትንሽ ቆየ፣ አሁንም የለም። ያኔ እንባው ወረደ። ቀዝቃዛ እጅ እንደሚያሞቅ ሰው መዳፉን እዚያች ያልደበዘዘች ቦታ ላይ አኖረ፤ አላነሳውም።