ሰው ሠራሽ አደጋ በወሎ ሰፈር

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከዛሬ ጀምሮ በልዑልቃልና በጦቢያ ቤት፣ ትዳሩ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የማስታወሻ ልውውጥ ተቋርጧል።

ማስታወቂያውን ልዑልቃል ጻፈው፤ ሚስቱ ጦቢያ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ማኅተም ስለሌለ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ አርፎበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም ስታዲየም አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን አቧራ ይቅማሉ። የአደጋ መከላከል ባለሙያ የሚል አንድ ክፍት ቦታ ወጣ። አንድ ብቻ። ፈተናውን በአንደኝነት ያለፈ ከአቧራው ይወጣል። ሁለቱም ተመዘገቡ።

ቅዳሜ ረፋድ «ሰው ሠራሽ አደጋዎች» የሚለው ምዕራፍ ላይ ደረሱ፤ እሷ ጠረጴዛ ላይ፣ እሱ አልጋ ላይ። ምስር ወጡ እንደተጣደ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ምድጃውን ማጥፋት ለማንም ትዝ አላለውም። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣም ንባብ ላይ ነበሩ።

«ጦብዬ፣ የሆነ ነገር ይሸታል» አለ ልዑልቃል ቀና ሳይል።

«መንስኤውን ለይ።»

«የሰው ቸልተኝነት።»

«የየትኛው ሰው?»

«ማለቴ... ምስሩን የጣደው አካል።»

«የጣድኩትማ እኔ ነኝ። አጠገቡ የተጋደመው አካልስ? ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

«አለ። ገጹን ግን አልነግርሽም፤ ልውውጥ ተቋርጧል።»

ቀድሞ የተነሳ በአንድ ገጽ ይበለጣል። ማንም አልተነሳም። ጭሱ ደጅ ሲወጣ ጎረቤታቸው እትዬ ሸዋአየሁ በሩን በርግደው ገቡ፤ ምድጃውን አጥፍተው ድስቱን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው አወጡት።

«እናንተ ልጆች ምን ነክቷችኋል?»

«እያጠናን ነው እትዬ» አለች ጦቢያ።

«ምኑን?»

ጦቢያ መጽሐፉን ገልብጣ ደፋችው። ልዑልቃልን ሳቅ አመለጠው፤ እሷም ተከተለችው። ማስታወቂያው ተቀደደ። ምዕራፉን ደረቅ ዳቦ እየገመጡ፣ እየተጠያየቁ ጨረሱት።

ውጤት ሲለጠፍ ጦቢያ አንደኛ ወጣች፤ ልዑልቃል በግማሽ ነጥብ ሁለተኛ።

በመሥሪያ ቤቱ ወግ የተበለጠ ሁሉ ቅሬታ ያስገባል። ያልተፈተነው ሾፌር እንኳ አስገብቷል። የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ሀብተሥላሴ ልዑልቃልን አስጠሩት።

«በግማሽ ነጥብ ተበልጠህ ዝም? የፈተና ኮሚቴው ተጠራጥሯል። በቃ፣ ቅሬታ ከሌለህ ለምን እንደሌለህ በጽሑፍ አብራራ።»

ከመስታወቱ ማዶ ጦቢያ ገና ያልጸደቀላትን የባለሙያ ተሽከርካሪ ወንበር ትሞክራለች።

«አላብራራም ጋሼ» አለ ልዑልቃል፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል።