የጓሮው ክፍል

የቅርስ ባለሙያው ከፋይሉ ያወጣውን ወረቀት ካሰች ከበሩ ሆና አወቀችው። ወደ ታች የሚንሸራተቱት መስመሮች የእሷ ነበሩ፤ ጥጉ ላይ ያረፈው የዘይት ጠብታም የእሷው ነበር።

የጻፈችው በዐቢይ ጾም ነው። የጎልማሶች ትምህርት መምህርቷ አትክልት ስለ ቤታችሁ ጻፉ ብላ አዝዛ፣ ካሰች ሦስት ቀን ሙሉ ስትጽፍና ስታጠፋ ሰነበተች። በአምሳ ሁለት ዓመቷ የመጀመሪያ ገጿ ነበር። እውነቱን ሁሉ አሰፈረች፤ የፊቱን የድንጋይ ቤት ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንጆች እንደሠሩት፣ የጓሮውን የጭቃ ክፍል ግን ባለቤቷ ሀብተ ሥላሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጃቸው ኑሀሚን በተወለደች ዓመት ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር በገዛ እጁ እንዳቆመው። አትክልት አንብባ አቀፈቻት፤ ገጹንም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ባለፈው ወር ከሰመራ የመጡ ባለሙያዎች የአዋሽን የድሮ ቤቶች ታሪክ ሲያፈላልጉ፣ በኩራት ነቅላ የሰጠቻቸውም እሷው ናት።

ኋላ ነው ነገሩ የተሰማው። የባቡር ሰፈሩ ቅርስ ሆኖ ይጠበቃል፤ ከድንጋዩ ቤቶች ጋር የተሠራ ይቆያል፣ በኋላ የተቀጠለ በሳምንት ውስጥ ይፈርሳል። ይህ ከተሰማ ወዲህ የረድፉ ሰው ሁሉ የየጓሮውን ክፍል የፈረንጆች ማድ ቤት ነበር እያለ አስመዘገበ። ባለሱቋ ጎረቤቷ ኸሊዳ የራሷን አስመዝግባ ስትመለስ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ነበር።

«እትዬ ካሰች፣ ያ ሁሉ ማድ ቤት ያለው ፈረንጅ ሐዲዱን መቼ ዘረጋው?»

ካሰች ያን ጊዜ አልሳቀችም። ጓሮው ክፍል ውስጥ ኑሀሚን የአሥራ ሁለት ቀን አራስ ሆና ተኝታለች። መጀመሪያ የታረሰችው በድንጋዩ ቤት ነበር። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን ሰውነቷ በሙቀት ሽፍታ ተሞልቶ ጡት መያዝ አቃታት። ወደ ጭቃው ክፍል ባዛወሯት ማግስት ጠባች።

ዛሬ ፋይሉን ይዞ የመጣው ባለሙያ ከማሉዲን ይባላል፤ ትሑት ወጣት ነው። ወንበር ሲሰጡት እሷ ካልተቀመጠች አልቀመጥም አለ። ታሪኳን የምትጠብቅ ከተማ ብቻ ዘላቂ ልማት እንደሚኖራት በትዕግሥት አስረዳት። ሰመራን ስንሠራ ጥላ ረስተን ነበር፣ የቀድሞ ሰዎች ግን ከሙቀት ጋር መኖር ያውቁ ነበር፣ ከእነሱ መማር አለብን አለ። ካሰች የሀብተ ሥላሴን ጭቃ የሚያቦኩ እግሮች አሰበች። እነዚያ ከቀድሞ ሰዎች አይቆጠሩም።

አትክልት ምስክር እንድትሆን አብራው መጥታ ከጎኑ ቆማለች። ተማሪዋን እያየች ትስቅ ነበር፤ ከማሉዲን ወረቀቱ ላይ የኑሀሚንን ልደት ዓመት በጣቱ ሲነካና ወደ ጓሮው ሲመለከት ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፋ።

«እናቴ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለ ከማሉዲን።

ካሰች ወረቀቱን አየችው። ከግርጌው ስሟ አለ። «ሰ»ን አራት ጊዜ አጥፍታ ነበር የጻፈችው። ያን ቀን እስከ ቤቷ ድረስ ያገኘችውን የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች መሄዷ ትዝ አላት።

«እኔ ማንበብም መጻፍም አልችልም» አለች።

አትክልት አንገቷን ደፋች። ከጓሮው ሕፃኗ አለቀሰች፣ ወዲያው ዝም አለች።

ከማሉዲን ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ሌላ ቅጽ አውጥቶ ክፍሉ ከቤቱ ጋር የተሠራ መሆኑን ጠይቆ ቃሏን መዘገበና፣ እንድትፈርም እስክሪብቶውን ዘረጋላት። እጇ ሳታዘው ሄደ፤ ሦስቱ ጣቶቿ አትክልት እንዳስተማረቻቸው ሊጨብጡት ተገጣጠሙ። ከመንገድ መለሰቻቸው።

«ቀለሙን አምጣልኝ፣ ልጄ» አለች፤ አውራ ጣቷንም ዘረጋች።

የመሐል ጣቷን ጎን እርሳስ አጠንክሮት ነበር። ከማሉዲን የሚያየው ያንን ይሁን አውራ ጣቷን ልታውቅ አልቻለችም።