የውባየሁ ጭንቅላት ፎቶ

ውባየሁ የምትሠራው ዓረብ አገር፣ ዐቅረቢያ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ እኔ ከምሠራበት ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። እሷ ጎጃሜ፣ እኔ ወሎዬ፤ እሷ በጾሜ፣ እኔ በጾሟ እንቀላለዳለን፣ ምስጢር ግን በመሃላችን የለም። ኤችአይቪ እንዳለባት እዚህ አገር የማውቀው እኔ ዘሐራ ብቻ ነኝ። ስትመጣ ጤነኛ ነበረች፤ ለዕረፍት አገሯ ገብታ ባሏ አስይዞ መለሳት። አላህ የሥራውን ይስጠው! መድኃኒቱን እህቷ የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ገልብጣ በመንገደኛ ትልክላታለች፤ እኛም ስሙን «ቫይታሚን» አልነው። ከታወቀባት ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ ተመቶላት ወዲያው ትባረራለች። ልጇ ሕሊና ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ ያለ እናቷ ደሞዝ የትም አትደርስም።

መድኃኒቱን አቋርጣ አታውቅም። ባለፈው ዕረፍቷ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች «ቫይረሱ ደምሽ ውስጥ አይታይም» ብለው በደስታ ሸኝተዋታል። ታዲያ ይሄ መርሳት ከየት መጣ? ጋዝ ከፍታ ትረሳለች። ሩዙ ላይ ሁለቴ ጨው ትጨምራለች። አንድ ዓርብ አሠሪዎቿ ኒስፍ አልቀመር የሚባል የባሕር ዳርቻ ወስደዋት፣ ያረፉበት ቤት ጠፍቶባት ፀሐይ ላይ ስትዞር ተገኘች። «አንቺ፣ ፍቅር ይዞሻል እንዴ?» አልኳት። ሳቀች፣ ግን ፈርታ ነበር።

ማዳሟ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ናት። ደማም አንድ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ የውባየሁ ዓረብኛ የኩሽና ስለሆነ እኔን ለማስተርጎም አስከተለችኝ። ኤምአርአይ አነሷት። ዶክተሩ የጭንቅላቷን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አሳየን፤ እዚህም እዚያም ነጫጭ ነጠብጣብ አለው።

«ቀላል ነው፤ ግን በዚህ ዕድሜ መታየት አልነበረበትም» አለ። ሌላ በሽታ ወይም የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀ። እሷን እንኳ ሳልጠይቅ «ማፊ፣ ምንም የለም» አልኩት።

ማዳም ስልክ ልታነሳ ስትወጣ ግን አላስቻለኝም። «እንዲያው ለማወቅ ነው፤ ኤችአይቪ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በደንብ እየወሰደም እንዲህ ይሆናል?»

ትክ ብሎ አየኝ። «አንዳንዱ ይሆናል። ደሙ ደህና ሆኖም ጭንቅላቱን ሊነካው ይችላል። ካወቅን እንከታተላለን፣ ምናልባት መድኃኒት እንቀይራለን። ካላወቅን ግን ምን ላድርግ? የደም ምርመራ ልዘዝ?»

ይቺ የደም ምርመራ የምትለው ዓረብኛ ለውባየሁም ገብታታለች። ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችና በአማርኛ «ሕሊናዬ ትመረቅልኝ እንጂ ጭንቅላቴ ገደል ይግባ» አለችኝ። ሌላ ቀን እንመጣለን ብለን ወጣን። ብትናገር ትባረራለች፣ ዝም ብትል ታልቃለች።

በነጋታው ማዳም ጠራችኝ። ወደ ፎቅ ስወጣ ውባየሁ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ የማዳምን ትንሿን ልጅ ሲሀምን ጭኗ ላይ አድርጋ ፀጉሯን ትጎነጉናለች። ማዳም ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«በዋትሳፕ ድምፅ ላከችልኝ፤ በናንተ ቋንቋ ነው። ሙሽኪላ፣ ችግር አለ? አሟት ይሆን?» ብላ ከፈተችው።

«ዘሐራዬ፣ የኤችአይቪ መድኃኒቴን ዛሬ ወስጃለሁ ወይስ አልወሰድኩም? ጠፋኝ እኮ።»

ሲጠፋባት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጠይቀኝ። ዛሬ ግን «ቫይታሚን» ማለቱንም፣ ለማን እንደምትልክም ረስታለች። ምላሴ አልከዳኝም።

«ስለ ትናንቱ እያመሰገነችሽ ነው፣ ማዳም።»

ማዳም ፈገግ አለች።

«ላ፣ አይደለም ማማ!» አለች ሲሀም። ውባየሁ ከአራስነቷ ጀምሮ በአማርኛ እያባበለች ያሳደገቻት ልጅ ናት። በዓረብኛ ጥርት አድርጋ ለእናቷ አስረዳቻት፦ «የኤችአይቪ መድኃኒቴን ወስጃለሁ ወይ ነው ያለችው። አልወሰድኩም ወይ አለች።»

ውባየሁ ፊቷ በራ። «እሰይ የኔ ልጅ! ሰማሻት ዘሐራ? አንዲት ቃል እንኳ አልሳተችም!» አለችኝ በኩራት።

ከዚያ ፊቴን አየች። ማዳም ልጅቷን ከጭኗ ላይ ብድግ አድርጋ ወሰደቻት።