የካንግ ጆሮ

«እምቢ አለ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ሉ፣ ሳንቲሞቹ ምንጣፉ ላይ ገና ሳይረጉ።

ሁለቱም ጎፈር ነበሩ። የሟቹ ሚስት ዩቺን አንስታ በእፍኟ አሻሸቻቸውና ከባሏ ፎቶ ፊት ደግማ ወረወረች። ጎፈርና ጎፈር። ካንግ በሕይወቱም ቶሎ እሺ የሚል ሰው አልነበረም፤ በሞተ በስድስተኛው ቀን ደግሞ ጭራሽ ብሶበታል።

ነገ ሰባተኛው ቀን ነው። ነገ ለካንግ የወረቀት ቤት፣ የወረቀት አልጋና የወረቀት ስፒከር ይቃጠልለታል፤ ጭሱ እዚያ ማዶ ሲደርስ እውነተኛ ዕቃ ይሆንለታል። ወረቀት ሠሪው ሁለት ናሙና ይዞ መጥቷል። የአንደኛው ቀጭን ድምፅ የሚወጣው ከክብ ጉልላት ነው፤ የሌላው እንደ ወናፍ ከተጣጠፈ ስስ ሽፋን። የቱን ይፈልጋል? ሟች የሚመልሰው በሁለት ሳንቲም ነው፦ አንዱ ዘውድ አንዱ ጎፈር ከወደቀ እሺ ማለቱ ነው፤ ሁለቱም ዘውድ ከሆኑ እየሳቀ ነው፤ ሁለቱም ጎፈር ከሆኑ፣ ይኸው፣ እምቢ።

«ክቡን ነው የጠየቅሽው?» አለ ሉ።

«ሁለቱንም ጠየቅሁት። ሁለቱንም አልፈልግም ይላል።» ዞር ብላ ቶንግን አየችው። «ቶንግ፣ አንተ ምረጥለት። ስፒከር ሻጩ አንተ ነህ።»

ቶንግ ከድንኳኑ ጥግ እንደ ሌላው ለቀስተኛ ለሟች የሚቃጠል የወርቅ ወረቀት ያጥፍ ነበር። ጣቶቹ ቆሙ።

«ምን ምርጫ ያስፈልገዋል?» አለ ሉ፣ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ። «ለካንግ የሩዝ ጣሳም ይበቃዋል! ቶንግ፣ ያችን ወሬ ንገራቸው እስቲ! እኔ ስነግራት ጨው አይኖራትም።»

ያች ወሬ ቶንግ ራሱ የወለዳትና ያሳደጋት ናት። በመጀመሪያው ዓመት ካንግን ያታለለው ርካሽ የገበያ ስፒከር ነበር። በሁለተኛው የሕፃን መጫወቻ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት፣ ከከተማቸው ከጂያዪ አልፋ ሌላ ከተማ ስትደርስ፣ ፌንጣ የታሰረበት የሩዝ ጣሳ ሆኖ አረፈው።

ካንግ አርባ ዓመት የደን ባቡር ጎማ መርማሪ ነበር። ሥራው ጎማውን በመዶሻ ጠቅ፣ ጆሮውን ዘንበል ማድረግ ነው፤ የተሰነጠቀ ብረት ከጤነኛው በድምፁ ይለያል። ሰዉ «ካንግ ዝንብ ስታዛጋ ይሰማል» ይለው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ለዚያ ጆሮ ስጦታ ሊገዛለት ተነሳ፤ ስፒከር ሲመርጥ ሁለት ዓመት ፈጀ። አንዲት ሲዲ በሸሚዙ ኪስ ይዞ ሱቁን ሁሉ ካዳረሰ በኋላ፣ በየቅዳሜው ከቶንግ ሱቅ ጓዳ ይሰየም ጀመር።

«ክቡ እንደ ከበሮ አየሩን ይገፋዋል» ይል ነበር። «የታጠፈው ግን ጨምቆ ነው የሚለቀው። የመዶሻዬን ድምፅ ያመጣልኛል።»

አንድ ቅዳሜ ቶንግ ነጭ ጨርቅ ጋረደ። «ከኋላው ሁለት ዓይነት አለ፤ ይለዩ» አለው። ስድስት ጊዜ አጫወተለት። ካንግ ዓይኑን ጨፍኖ ስድስቱንም ጊዜ፣ ያለ ማመንታት፣ የታጠፈው መቼ እንደሚዘፍን ተናገረ። በመጨረሻው ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በቃ፣ የኔ ይሄ ነው። ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ቶንግ ጨርቁን ገለጠ። ከኋላው የቆመው አንድ የገበያ ስፒከር ብቻ ነበር።

ሻይ ሊጠጣ በተሰበሰበው ሰው ሳቅ ጓዳው ሊፈርስ ደረሰ። ካንግም ሳቀ። ሻዩን ጨለጠ፣ ሲዲውን ኪሱ ከተተ፣ «ጎበዝ፣ ያዝከኝ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ መጥቶ አያውቅም። ስፒከርም አልገዛም።

«ንገራቸው እንጂ!» ሉ በክርኑ ጎሸመው።

ቶንግ ተነሣ። ፊቱ እስከ አንገቱ ቀልቷል። «እትዬ፣ ያች ወሬ ውሸት ናት።»

«የሩዝ ጣሳዋ ውሸት መሆኗን ማን አጣው?» ብሎ ሉ ሳቀ።

«ጣሳዋን አላልኩም። ከገበያው ስፒከር ጀርባ ሌላ ጥቁር መጋረጃ ነበር። የታጠፈውን ከዚያ ኋላ ነው የደበቅኩት። ሁለቱን እያቀያየርኩ ነበር የማጫውተው። ጋሽ ካንግ ስድስቱንም ጊዜ ልክ ነበሩ።»

የሉ እጅ ከኦቾሎኒው ሳህን ውስጥ ቀረ።

«ለምን?» አለች ዩቺን።

«ለሳቅ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልነግራቸው ነበር፤ አልመጡም። ከዚያ ወሬዋ ጣመችኝ። ሰዉ ሻይ እየጋበዘ ያስወራኛል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ... ቤታችሁ ከሱቄ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፣ እትዬ።»

 ዩቺን ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ጀመረች።

«ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስጠራው አልመልስ ቢለኝ ሐኪም ጋ ወስጄው ነበር። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርገው ‘ሲሰማህ ቁልፉን ተጫን’ አሉት። ጣቱን እንኳ አላነሣ። ደነቆረ አሉኝ፤ አመንኩ።» መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ጮኽኩበት፣ ቶንግ። ‘ሩዝ ቀርቧል!’ ብዬ፣ ‘መድኃኒትህን ዋጥ!’ ብዬ፣ ሰፈር እስኪሰማ። ለካ እየሰማኝ ነው። ጆሮው ተሳሳተ ከሚሉት ደነቆረ ቢሉት መርጦ፣ ያንን ሁሉ ጩኸቴን ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር።»

ቶንግ ተንበረከከ። ግንባሩ ምንጣፉን ነካ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ አነሰበት፤ መልሶ ዋጠው። ዩቺንም ተነሥ አላለችውም።

ወረቀት ሠሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እና... እንዴት ላድርግ፣ እናት? አንድ ጊዜ ደግመሽ ብትጥይስ?»

«አልጥልም። የታጠፈውን ሥራለት።» ሳንቲሞቹን ለቅማ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። «መርጦ ነበር እኮ። ምን ብዬ ደግሜ እጠይቀዋለሁ?»

ከዚያ ወደ ፎቶው ተጠጋች። መስተዋቱን በእጅጌዋ ወለወለች፣ ጎንበስ ብላ አፏን ከካንግ ጆሮ አጠገብ አደረገች፤ ከንፈሯም እጅግ በቀስታ ይንቀሳቀስ ጀመር።

ቶንግ አሁንም ቀና አላለም። በጉልበቱ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ከድንኳኑ ጥግ ሲደርስ፣ ለካንግ ብቻ ከተነገረው አንዲት ቃል እንኳ እንዳትደርሰው ፈርቶ፣ ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፈነ።