የመጀመሪያዋ አድማጭ

«ከዚያማ ሴትዮዋ አልቅሳ አልቅሳ ወደ ቤቷ ገባች» አለች እናት፣ ጥቁር ሻሿን እያስተካከለች።

ልጅቷ ከምታነብበው ወረቀት ቀና አለች። «እማዬ፣ እንደሱ አይልም እኮ።»

«እኔ የሰማሁት እንደሱ ነው።»

በሩ አጠገብ የተቀመጠው የትርጉም ቢሮው ኃላፊ አንገቱን ደፋ። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ሥራ ማንሳቱ አሳፍሮታል፤ ግን ምን ያድርግ? የማተሚያ ቤቱ ተራ ነገ ያልፋል፣ ቀጣዩ የዛሬ ዓመት ነው። መጽሐፉን የሚጠብቁት የመንደሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ዓመት የሚያስጠብቅ ዕድሜ የላቸውም።

ሟቹ ባሏ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ መንደራቸው ቋንቋ ሲተረጉም ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። የቢሮው ደንብ የታወቀ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው ሰምቶ በራሱ አፍ መልሶ ሳይተርከው አንድም ምዕራፍ አይታተምም። የእሱ አድማጭ ሚስቱ ነበረች። ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማውና «እንዲህ ብሎ የሚያወራ ማን አለ? ስብሰባ ላይ ነህ እንዴ?» ብላ ታበሽቀዋለች። እሱም እየሳቀ ይሰርዛል። አስተካክላ ስትተርክለት መነጽሩን አውልቆ ያጥፍና «በቃ፣ ይሄ አለቀ» ይላል።

የቀረው ይህ አንድ ምዕራፍ ነበር። ሐሙስ ሊያነብላት ተቀጣጥረው ረቡዕ ልቡ ቀጥ አለ። መነጽሩ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ አራት ቀን ሙሉ ማንንም አላስነካችም።

ልጅቷ ደግማ አነበበች። እናቷም ደግማ ሴትዮዋን ወደ ቤቷ አስገባቻት።

«እማዬ፣ ሆን ብለሽ ነው አይደል?»

የእናት እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ይሄ ካለቀ እሱም አለቀ። ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ነው፣ ልጄ። ኃጢአት ነው?»

ልጅቷ ወረቀቱን ሰብስባ «ይቅር፣ ለዓመቱ ይድረስ» አለች። ኃላፊውም «ግድ የለም፣ እናታችን» ብሎ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል!» አለችው እናት። «ሃያ ሁለት ዓመት ሽንኩርት ያስለቀሰኝ በከንቱ ነው?»

አፍንጫዋን ጠረገችና ጀመረች። «ሴትዮዋ መቃብሩ ደጃፍ ቆማ ታለቅሳለች። ከኋላዋ ሰው አለ፤ የአትክልት ሠራተኛ መሰላት። ወደ ቤቷ አልገባችም። በስሟ ጠራት። ያኔ ድምፁን አወቀችው።»

ኃላፊው ገጹ ላይ ፈረመ። እናት መነጽሩን አነሳች፤ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው።

«በቃ» አለች።

የመነጽሩን አንዱን ክንድ አጠፈች። ሁለተኛውን ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ እሱንም አጠፈችው።