ከበሩ ጉበን የወጣው ጨርቅ

ሕንጻው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላታል። ዶክተር አይደለችም፤ ክሊኒክ ውስጥ ደምና ሰገራ የምትመረምር የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ልታርማቸው ሞክራ ነበር፤ ኋላ ግን ስሙ ጣፈጣትና ዝም አለች። ባሏ የፊዚክስ መምህር ነው። ድግምት፣ ሟርት የሚባል ነገር ሲነሣ በሳቅ ይፈርሳል፤ «ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ለአንዳንዱ ሰው በፖስታ ነው የሚደርሰው» እያለ ጎረቤቱን ያስቃል።

ይኸው ሰው ታዲያ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ደረቱ ይታፈናል። በአፉ የሚስበው መድኃኒት አለው፤ ያግዘዋልም። ባለፈው ዓመት ግን ወቅቱ ሲለወጥ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር፣ ዘንድሮ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሚስቱን ልቧ አላሳርፍ አላት።

ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ አሉ። እትዬ መርፌ ነው የሚባሉት። ዝናብ ሊገባ ሲል ለታመመ፣ ለአራስ፣ ለመንገደኛ የምትሆን አውራ ጣት የምታህል ጨርቅ ሰፍተው ይሰጣሉ። ውስጧ ጨው፣ ሰባት ፍሬ ስንዴና ከሰውየው ልብስ የተቀደደች ቁራጭ አለች፤ በቀይ ክር ትጠመጠምና ከበር ጉበን በላይ ትሰካለች። ሙያዬ ብለው አይደለም፤ እናታቸው ሲያደርጉ አይተው ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የመምህሩ ሚስት የባሏን ሸሚዝ ይዛ ወረደች። ኮሌታው እንዲቀየርላት ጠየቀች፤ ከዚያ ግን አልሄድ አለች። እትዬ መርፌ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ደረቱ ነው?» አሏት።

ራሷን ነቀነቀች። «እሱ እንደሆነ አያምንበትም። እኔም አላምንበትም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ፣ ልጄ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሰው እንዳይሰማ አደራ አለቻቸው፤ እሳቸውም ከአፋቸው እንደማይወጣ ቃል ሰጧት። ጨርቋን ባሏ ትምህርት ቤት ሳለ በገዛ እጇ ሰካቻት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መምህሩ የበሩን ደወል ሊጠግን ወንበር ላይ ወጣ። ሽቦውን ሲስብ ጨርቋ ዱብ አለች። ፈትቶ አያት። የራሱን ሸሚዝ ቁራጭ ሲለይ ፊቱ አመድ መሰለ። ሸሚዙ ማን እጅ እንደነበር አሰበና፣ ያ ሁሉ ሳቂ ሰው፣ ጨርቋን በእጁ መንካት ፈርቶ በፒንሳ ይዟት ደረጃውን ወረደ። ሚስቱ ተከተለችው።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። መምህሩ እትዬ መርፌን ምን በድዬዎት ነው መተት የሚያስቀምጡብኝ አላቸው። አሮጊቷ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ቀና አሉ፤ መምህሩን ግን አላዩትም። ከኋላው ደረጃው ላይ የቆመችውን ሚስቱን ነበር ያዩት።

ከእሷ አንድ ቃል ትበቃ ነበር። ይኼኔ የሕንጻው ሊቀመንበር የሆኑት ጡረተኛ ዘወር ብለው፣ ዶክተር አንቺስ ምን ትያለሽ ብለው ጠየቋት።

«እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው የለም» አለች።

እትዬ መርፌ ዓይናቸውን ሰበሩ። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ለክፋት ግን አይደለም አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ ወዲያ ወደዚያች ክፍል ልብስ የሚያመጣ ጠፋ። እናቶች በደጃፉ ሲያልፉ ልጆቻቸውን ወደ ጎን ይስባሉ። የመኪናው ድምፅ ቀን ሙሉ የማይሰማበት ጊዜ መጣ። እሷ ሥራ ቦታዋ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅራ፣ ዛሬ ማታ ለባሌ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ቤት ስትገባ ደረቱን ታዳምጥና፣ ሲሻለው፣ ዝናቡ ሲያባራ እያለች ታሳድረዋለች።

በወሩ ሊቀመንበሩ ነዋሪውን ግቢው ውስጥ ሰበሰቡ። አሮጊቷ ክፍላቸውን ይልቀቁ ወይስ ይቆዩ ነበር ጉዳዩ። እጅ ሊወጣ ሲል የመምህሩ ሚስት ብድግ አለች።

«ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «የሰካሁትም እኔ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ጎረቤት፣ የዶክተርን ደግነት እዩት፣ አሮጊቷን ለማዳን ራሷ ላይ ትወስዳለች አለች፤ ብዙው ራሱን ነቀነቀ። መመስገኗ ከመሰደብ ባሰባት።

«ደግ አይደለሁም። ዶክተርም አይደለሁም» አለች። ሸሚዙን መቼ እንዳወረደች፣ ምን እንደተባባሉ፣ ደረጃው ላይ ቆማ እንዴት እንደዋሸች ሁሉንም ተናገረች።

መምህሩ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ሄዶ እትዬ መርፌ እግር ላይ ወደቀ። ትከሻውን ይዘው አነሡት፤ አንተማ አላወቅክም፣ ፈራህ እንጂ ምን አጠፋህ አሉት። ተረኛዋ እሷ ሆነች። ስትጠጋ ከመቀመጫቸው ተነሡላት።

«እርስዎ ዛሬ እውነቱን ተናገሩልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሏት። «ያን ቀን ግን ደረጃው ላይ ሆነው አይቼዎት ነበር።»

አንቺ መባሏ፣ ልጄ መባሏ፣ በዚያው ቀረ። ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

ልብሱ ወደ እትዬ መርፌ ክፍል ተመለሰ። ባሏ ሱሪውን ራሱ ያወርዳል፤ ቁጭ ብሎም ያወጋል። ሚስቱ ላይ አልጮኸም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጫማውን እያሰረ፣ «ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ» አላት። ለምን እንዳልነገረችው ሁለቱም ስለሚያውቁ ነገሩን አልቀጠሉትም።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ እትዬ መርፌ መርፌያቸውን ያስቀምጡና፣ ወገባቸው እያመማቸው፣ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። «ደህና አደሩ?» ይሏታል። እሷም እግዜር ይመስገን ትልና፣ መሬት መሬት እያየች፣ አውቶቡስ እንደሚያመልጣት ሰው ትፈጥናለች።